መጽሐፉን ይዝጉና ይጀምሩ፦ ትውስታን፣ ትኩረትንና አገላብጦ ማሰብን የማለማመጃ መመሪያ

የአእምሮ ስፖርት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው በጋዜጣ ላይ የሚሞላ የቃላት ጨዋታን፣ ሱዶኩን ወይም ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያን ነው። ለጊዜ ማሳለፊያ የሚወዳቸው ይጫወታቸው። ጥያቄው ጨዋታው ላይ የጎበዘ ሰው በሥራው፣ በትምህርቱ፣ የሰው ስም በማስታወስም ይጎብዛል ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው አድሪያን ኦወንና ባልደረቦቹ ከቢቢሲ ጋር ሆነው 11,430 ሰዎችን ለ6 ሳምንት በኮምፒዩተር ልምምድ አሠልጥነው ነበር። ሰዎቹ በተለማመዷቸው ጨዋታዎች ተሻሻሉ። ባልተለማመዷቸው፣ ግን በጣም በሚመሳሰሉ ፈተናዎች ላይ እንኳ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየባቸውም።

ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ሙከራ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። መካከለኛ ችሎታ ያለው አንድ ተማሪ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር እየተነበበለት በቃሉ መልሶ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር። ሲጀምር እንደ ማንኛችንም 7 ገደማ ቁጥር ነው የሚይዘው። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከተለማመደ በኋላ 79 ደረሰ። ከዚያ በቁጥር ፈንታ ፊደላት ተነበቡለት። ወደ 6 ብቻ ያዘ።

ከሁለቱም ሙከራ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ አእምሮ የሚጎለብተው በተለማመደው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መንገድ ከኑሮ የተለየ ጨዋታ አያስጨምርዎትም። የሚያነቡትን፣ የሚሠሩትንና የሚወስኑትን ነገር ራሱን መለማመጃ ያደርገዋል።

አንደኛ፦ የሚፈልጉትን በስሙ ይጥሩት

«አእምሮዬን ማጠንከር እፈልጋለሁ» ብሎ መነሣት የትም አያደርስም። ወረቀት ይውሰዱና ሦስት ነገር ይጻፉ። አንዱ በቃልዎ መያዝ የሚፈልጉት ነው፦ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄዎች፣ የመድኃኒት መጠን፣ በባሕር ማዶ ካሉ ደግሞ የአገሩ ቋንቋ። ሁለተኛው ልብዎ እየተበታተነ አልገፋ ያለዎት ሥራ ነው። ሦስተኛው አንድ ቦታ ላይ ተቸንክረው መፍትሔ ያጡለት ጉዳይ ነው። ሦስቱም የራስዎ ይሁኑ። የቀረው ሁሉ በእነዚህ ላይ ይሠራል።

ሁለተኛ፦ ያነበቡትን ከውስጥዎ ያውጡት

ከሁሉም የሚበልጠው ልምምድ ይህ ነው። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ገጽ ወይም አንድ ክፍል አንብበው ሲጨርሱ መልሰው አያንብቡት። ይዝጉት። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሱትን በራስዎ ቃል ይጻፉ። ሁለት ሦስት መስመር ከሄዱ በኋላ እጅዎ ቀጥ ይላል። ልምምዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ወዲያው መጽሐፉን መግለጥ ያሰኝዎታል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሡ። «ከዚህ በፊት ያለው ሐሳብ ምን ነበር? ምሳሌው ስለ ምን ነበር? ለምን አመጣው?» እያሉ ይፈልጉ። ከዚህ በላይ አልመጣም ሲል መጽሐፉን ይክፈቱና በሌላ ቀለም የቀረውን ይሙሉ፣ የተሳተውን ያርሙ። ባለ ሁለት ቀለሙ ወረቀት የሚያውቁትንና የሚያውቁ የመሰለዎትን ለይቶ ያሳይዎታል። በማግሥቱ የሚያጠኑት ሁለተኛውን ቀለም ነው።

ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። አንደኛው ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ጊዜያት ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት ከጽሑፉ 40 በመቶ ያህሉን፣ ከውስጣቸው ሲያወጡ የነበሩት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ብዙ ተማሪ በሽምደዳ የሚጎዳውም በዚህ ነው። ደጋግመው ያነበቡት ጽሑፍ ዓይን ስለለመደው ብቻ የታወቀ ይመስላል፤ ፈተና ክፍል ውስጥ መጽሐፉ ሲወሰድ አብሮ ይሄዳል።

የእኛ የቆዩ ትምህርት ቤቶች ይህን በሥራ ያውቁታል። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት የሚሰጠው ባብዛኛው በምሽት፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ ነው። ተማሪው ከመምህሩ ወይም ከታላቁ ተማሪ አፍ ይቀበላል፣ ይደግማል፣ ሲስት ይታረማል። ቁርኣንን በቃሉ የሚይዝ ተማሪም በየቀኑ ኡስታዙ ፊት ቀርቦ ያለ ጽሑፍ ያነበንባል። ሁለቱም ዘንድ ተማሪው መማሩ የሚታወቀው ከአፉ በሚወጣው ነው።

ይህ ለመጽሐፍ ብቻ የሚሆን አይደለም። ከስብሰባ ሲወጡ ማስታወሻዎን ሳያዩ የተወሰነውን ለራስዎ ይንገሩ። ዜና ሰምተው ሲጨርሱ ሬዲዮኑን ይዝጉና ዋና ዋናውን ለቤተሰብ ያውሩ። ልጅዎንም «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው «ሒሳብ» የሚል መልስ ከመቀበል «መምህሯ ያሳየቻችሁን እኔንም አስተምረኝ» ይበሉት። ልጁ ሲያስተምርዎ ሳያውቀው እያጠና ነው።

ሦስተኛ፦ ሊረሱት ሲቃረቡ ይመለሱበት

ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየፈተነ መርሳት እንዴት እንደሚሄድ ለክቷል። ከተያዘው አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ የተረፈው ቀስ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ አንድን ነገር በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ከማየት በተራራቁ ቀናት አምስት ጊዜ ማየት ይሻላል።

ለዚህ ባዶ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ካርቶኑን በወፍራም ወረቀት አራት ቦታ ይክፈሉት፦ የየቀኑ፣ የየሦስት ቀኑ፣ የየሳምንቱና የየወሩ። ትንንሽ ካርዶች ይቁረጡ። በፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ይጻፉ፤ ለአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ። ለምሳሌ የጤና ባለሙያ ከሆኑ በፊቱ «አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በስንት ውሃ ይበጠበጣል?»፣ በጀርባው «በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ»። አዲስ ካርድ ሁሉ ከየቀኑ ክፍል ይጀምራል። በትክክል ከመለሱት ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። ከሳቱት፣ የየወሩ ክፍል ቢደርስም እንኳ፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ካርዱን ከመገልበጥዎ በፊት መልሱን ድምፅ አውጥተው ይናገሩ፤ በሆድ «አውቀዋለሁ» ማለት አይቆጠርም። በቀን ከ10 በላይ አዲስ ካርድ አይጨምሩ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚከለሰው ብዛት ያስመርርዎትና ካርቶኑን አልጋ ሥር ይከቱታል።

አራተኛ፦ አዲሱን ከሚያውቁት ጋር ያስሩት

ያ 79 ቁጥር የያዘው ተማሪ ሯጭ ነበር። 3492 ሲነበብለት አራት ቁጥር አልሰማም፤ 3 ደቂቃ ከ49.2 ሰከንድ የሆነ የአንድ ማይል ሰዓት ነው የሰማው። ሩጫ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ ይህ ዘዴ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው። እንዲህ ያለ ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ይዩ፦ 1888203591966። እንዲሁ ሲታይ ያስፈራል። ሲከፈል 1888 የዓድዋ ዓመት ነው፤ 20359 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ነው፤ 1966 አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። ዓድዋ፣ ኃይሌ፣ አብዮት፤ ሦስት ነገር ብቻ ሆነ። ቁጥሩን ለማሳያ ሆን ብዬ የደረደርኩት ነው። የባንክ ሂሳብዎ እንዲህ ላይገጥም ይችላል፤ ግን የእናትዎ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥርዎ፣ የድሮ ታርጋዎ፣ ያገቡበት ዓመት አለ። አስሮ መያዣ አያጡም።

ስም የሚጠፋብን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስለረሳነው ሳይሆን ሲነገረን ስላልሰማነው ነው። ሰው ሲተዋወቁ ጆሮዎ ስሙ ላይ ይሁን። ካልያዙት እዚያው «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» ይበሉ። በጨዋታ መሐል አንድ ጊዜ በስሙ ይጥሩት። በሆድዎ ከሚያውቁት ሞክሼ ጋር ያገናኙት፤ «ታደሰ፣ እንደ አጎቴ፣ ግን ረዥም»። ማታ ከመተኛትዎ በፊት ቀን የተዋወቋቸውን በስም ይቁጠሩ።

ወረቀት ሳይዙ መናገር ሲፈልጉ ቤትዎን ይጠቀሙበት። የወላጆች ስብሰባ ላይ አራት ነገር ማንሣት አለብዎት እንበል፦ የውሃ መጥፋት፣ የሰርቪስ ዋጋ፣ የመጻሕፍት እጥረትና የተሰበረው አጥር። ዓይንዎን ጨፍነው ከውጭ ወደ ቤትዎ ይግቡ። የግቢው በር ላይ ባዶ ጄሪካን ተደርድሮ መግቢያ አጥተዋል። ሳሎን ሲገቡ ሶፋው ላይ የተማሪ ሚኒባስ ቆሟል። ረከቦቱ ላይ ከስኒ ፈንታ የተቀደዱ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ጓዳው በር ላይ የወደቀ አጥር ተጋርጧል። ምስሉ እንግዳ በሆነ ቁጥር ይያዛል። ሲናገሩ ከበር ወደ ጓዳ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት። ጥንታውያን ግሪኮችና ሮማውያን ተናጋሪዎችም ረዥም ንግግር የሚይዙት በዚህ ዘዴ ነበር።

አምስተኛ፦ ልብዎን አንድ ቦታ ማቆየት ይለማመዱ

ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ድምፁን አጥፍቶ ጠረጴዛ ላይ መገልበጥ አይበቃም፤ እጅ ሳይታዘዝ ይሄድበታል። ወረቀት ላይ የሚሠሩትን አንድ ነገር ጠባብ አድርገው ይጻፉ፤ «ሪፖርት» ሳይሆን «የሪፖርቱ መግቢያ፣ ሁለት አንቀጽ»። ሰዓት ለ25 ደቂቃ ይሙሉ። ብዙ ሰው ፖሞዶሮ በሚል ስም የሚያውቀው ልክ ነው፤ ቢከብድዎ በ15 ይጀምሩና በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ።

አጠገብዎ ቁራጭ ወረቀት ይኑር። «ዘይት አልቋል»፣ «ለእገሌ አልደወልኩም» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ሁለት ቃል ጽፈው ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ሐሳብዎ ስለሄደ አይናደዱ። የማንም ሐሳብ ይሄዳል። የሚለማመዱት መሄዱን ቶሎ ማወቅንና መመለስን ነው፤ አሥር ጊዜ ከተመለሱ አሥር ጊዜ ተለማመዱ ማለት ነው። ይህንኑ ያለ ሥራም መለማመድ ይቻላል፦ ለ5 ደቂቃ ቁጭ ብለው ትንፋሽዎን ከ1 እስከ 10 ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሲጠፋብዎ ከ1 ይጀምሩ።

ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ ከአንድ ያልተጠናቀቀ ሥራ ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው ሐሳቡ ከፊሉ በመጀመሪያው ላይ ይቀራል፤ አዲሱንም በሙሉ ልቡ አይሠራም። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ደግሞ በር ተከፍቶ ሰው ሰላም ሊል ሲመጣ ሰላምታ አይነሣም፣ ሊነሣም አይገባም። የሚቻለው ቀና ከማለትዎ በፊት አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ «ቀጥሎ የሰኔን ወጪ ማስገባት»። ከሰላምታው በኋላ የት ነበርኩ ብለው አይዳክሩም።

ስድስተኛ፦ ነገሩን አገላብጠው ይዩት

ካርል ዱንከር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ለሰዎች ሻማ፣ ክብሪትና በካርቶን የተሞላ፣ ወረቀት ሰሌዳ ላይ የሚሰካበት ፒን ይሰጥና ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ ይል ነበር። ብዙዎች ይቸገራሉ። መልሱ ፒኑን አፍስሶ ባዶውን ካርቶን ግድግዳ ላይ መሰካትና ሻማውን በላዩ ማቆም ነው። ካርቶኑ የፒን መያዣ ሆኖ ስለቀረበላቸው መደርደሪያ ሊሆን እንደሚችል አልታያቸውም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ያለቀለት በርሜል ምድጃ ሲሆን ይታያቸዋል። አሮጌ ጎማንም በረባሶ አድርጎ የሰፋ ዓይን አለ። ለልምምዱ ከቤትዎ አንድ ጣሳ ያንሡና በ5 ደቂቃ ስንት አገልግሎት እንደሚሰጥ ይጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስቱ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ይሆናሉ፤ የእህል መስፈሪያ፣ የአበባ መትከያ፣ ኩራዝ። እነሱ ካለቁ በኋላ የሚመጣውን ይጠብቁ።

ከዚያ መጀመሪያ የጻፉትን ሦስተኛውን ጉዳይ ያውጡ። ቤት ልቀይር ወይስ ልቆይ፣ ልጁ ምን ይማር፣ ሱቁ ይዘጋ ወይስ ይከፈት። የእርስዎን አቋም በአምስት መስመር ይጻፉ። በሌላ ወረቀት ከእርስዎ ጋር የማይስማማውን ሰው ሆነው አምስት መስመር ይጻፉ፤ ያ ሰው ቢያነበው «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» እንዲል አድርገው። ይህ ከባድ ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው የባላጋራዎ ደካማ ክርክር ይሆናልና ቀደው እንደገና ይጻፉት። በመጨረሻ ሁለቱንም ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አድርገው በሁለቱም ውስጥ የሌለ ሦስተኛ መንገድ ይፈልጉ።

በዚህ በኩል የቅኔ ቤት ትምህርት ከማውቃቸው ሥልጠናዎች ሁሉ ይልቅብኛል። ተማሪው በየጊዜው አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይነግራል፤ ትናንት የተባለውን መድገም አይቻልም። ሰሙንና ወርቁን በአንድ ቃል ላይ አብሮ መያዝ አለበት፤ ያውም በዜማና በቤት ልክ። ጉባኤ ቃና ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት መስመር ለመቁጠር ግን ተማሪው ቀኑን ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ሊውል ይችላል። ግእዝ ባንማርም ከዚህ የምንወስደው አለ። በየቀኑ የምንናገረውን ነገር በሌላ መንገድ ለመናገር እንሞክር። ስለ ሥራዎ ለ10 ደቂቃ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይቀላቅሉ ያውሩ። በውጭ አገር የሚያሳድጓቸው ልጆች ካሉ ከእነሱ ጋር እራት ላይ ይሞክሩት። የለመዱትን ቃል ገትቶ ሌላ መፈለግ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው።

ሰባተኛ፦ እግርና እንቅልፍ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የሚታወቅ ነው፤ የሚቀረው ማድረጉ ነው። ከርክ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት 120 አረጋውያን ተሳትፈው ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በእግራቸው እንዲሄዱ የተደረጉት ከአንድ ዓመት በኋላ ሂፖካምፐስ የተባለው፣ አዲስ ትውስታ የሚቀረጽበት የአንጎል ክፍል 2 በመቶ ያህል ጨመረላቸው፤ ሰውነት ማሳሳብ ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው። ስለዚህ ሁለት ፌርማታ ቀድመው ይውረዱ።

ቀን የተያዘው የሚጸናው በእንቅልፍ ነው። ለፈተና ሌሊቱን በቡና ወይም በጫት የሚያነጋ ተማሪ ያጠናውን የሚያደላድልበትን ሰዓት ነው የሚያጠፋው። ከጠጡት ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት በኋላም ሰውነት ውስጥ አለ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጡት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አልወጣም። የማታ ቡና የቤተሰብ መሰብሰቢያ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሥርዓቱ ይቀጥል፣ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ግን የቡና ቁርሱን እየቀመሰ ይጫወት።

ከቀኑ ጋር ማስማማት

ሁሉንም በአንድ ሰኞ አይጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛውን ብቻ ይያዙ፤ ማታ 15 ደቂቃ አንብቦ ዘግቶ መጻፍ። በሁለተኛው ካርቶኑን ይጨምሩ፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት 10 ደቂቃ። በሦስተኛው አንድ የ25 ደቂቃ ሥራ ስልክ በሌለበት። አገላብጦ ማየትን በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከሰዓት፣ ያድርጉት። ቀን ካለፈዎ ያለፈውን ለማካካስ እጥፍ አይሥሩ፤ የዛሬውን ብቻ ይሥሩ።

ልምምድ የማይመልሰው መርሳትም አለ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት፣ የተዋናይ ስም አፍ ላይ ደርሶ መጥፋት የማንም ነው። የለመዱት ሰፈር መንገዱ ከጠፋብዎት፣ አንድን ጥያቄ መጠየቅዎን ሳያውቁ ደጋግመው ከጠየቁ፣ ሲሠሩት የኖሩት ወጥ ወይም ሂሳብ ቅደም ተከተሉ ከተምታታብዎት ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በወላጆችዎ ላይ ካዩትም «እርጅና ነው» ብለው አይተዉት። የታይሮይድ ሕመም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒትም መርሳት ያመጣሉ፤ እነዚህ ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ ይችላሉ። ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይያዙ። የተረሳው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነና ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደጀመረ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። አብሮ የሚኖር አንድ ሰውም ይዘው ይግቡ፤ ሐኪሙ እሱንም መጠየቁ አይቀርም።